መሬት ይረፍ፤ የጎረቤቴ

መተማ ዮሐንስ ላይ ጠዋት የሚበላው ፉል ነው። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ሰዎች ለምደነው ይኸው ያለ እሱ ቁርስ፣ ቁርስ አልመስል ብሎናል። ባቄላው ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል። ጠዋት ልጁ ሳህን ላይ ያወርደውና በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይደፈጥጠዋል፤ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ሚጥሚጣውን ይነሰንስበትና በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይት ያፈስበታል። በቀደም ከአጠገቤ ሁለት ገበሬዎች ተቀምጠው ይሟገታሉ። አንደኛው ጠረጴዛውን እየደበደበ «አንተ ሰው፣ ሰሊጥንና ጥራጥሬን ምን ያገናኛቸዋል? በፍጹም አይገናኙም!» ይላል። ይህን ብሎ ባቄላውንና የሰሊጥ ዘይቱን በአንድ ቁራሽ ዳቦ ጠቅልሎ ጎረሰ።

የሙግቱ መነሻ የዛሬ ሦስት ዓመት ግንቦት ላይ የተደረገ የቀበሌ ስብሰባ ነው። እኔም ነበርኩ። የልማት ሠራተኛዋ፣ ልጅ እግር ናት፣ ፊታችን ቆማ «የሰብል ፈረቃ» አለችን። ፈረቃ የሚባለውን ነገር እኛ የምናውቀው በመብራት ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ እንግዲህ የኛ ሰፈር የሚጠፋው በየትኛው ቀን ነው?» አሏት። እሷም ሳትሰለች «አባባ፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ዘንድሮ ሰሊጥ የነበረበት ማሳ ከርሞ ጥራጥሬ ይዘራበት ነው የምልዎት» ብላ አስረዳች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እንዲያ ከሆነማ የሚጠፋው ሰሊጡ ነው!» ብለው ተቀመጡ።

ስብሰባው ግን በስምምነት ነው ያለቀው። «መሬታችንን በጥራጥሬ የምናሳርፍ እጅ እናውጣ» ስትል አንድ ሰው ሳይቀር አወጣን። ባለቤቴማ ሁለቱንም እጁን ነው ያወጣው። በግንቦት መተማ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እጅ ማውጣት የሚከብደው ሰው የለም፤ ብብትም ይናፈሳል።

መቼም ማሳረፍ የማናውቅ ሰዎች ሆነን አይደለም። በ12 ሚካኤል ነው ብለን እናርፋለን፣ በ19 ገብርኤል ነው፣ በ21 ማርያም ናት፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው፣ በ29 በዓለ ወልድ ነው። እሑድማ እሑድ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዓርብ ያርፋሉ፤ ጉርብትና ነውና እኛም ዓርብ ከቀትር በኋላ እጃችን ይዝላል። በሬው ያርፋል። ትራክተሩም አንዲት ብሎን በወለቀች ቁጥር መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ ሳምንት ያርፋል። በዚህ ቆላ ዕረፍት ያላየ መሬቱ ብቻ ነው። አምና ሰሊጥ፣ ዘንድሮ ሰሊጥ፣ ከርሞም ሰሊጥ። በጣም ሲደክመው ጊዜ ማሽላ እንዘራበትና «ይኸው አሳረፍነው» እንላለን። ይህ የጨው ጭነት አውርዶ የጤፍ ጭነት እየጫኑ አህያዋን «በይ አሁን ተንፈስ በይ» እንደማለት ነው።

ትሉም ይህን ጠባያችንን ያውቃል። የሰሊጥ ትል ቅጠሉን በድሩ ጠቅልሎ ጎጆ ሠርቶ የሚኖር፣ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው። ከሱ ያመለጠውን ደግሞ አጭደን ነዶውን ሂላ አቁመን ይደርቃል ስንል ከሥር የተሰበሰበው ትኋን ዘይቱን መጥጦ ገለባውን ይተውልናል። ሥሩን የሚያደርቀው በሽታም አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው ያንኑ ሰሊጥ ነው። ማሽላው ጋ ደግሞ አቀንጭራ አለች፤ ያቺ ሐምራዊ አበባዋን ስታዩ የምታምር፣ ከሥር ግን የማሽላውን ሥር ጠብታ የምትኖር። አንዷ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እኛ ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ ማሳ ዳር ቆመን ወገባችንን ይዘን «ዘንድሮ ደግሞ ይኼ ትል ከየት መጣብን?» እንላለን። ከየትም አልመጣም። መቼ ሄደና!

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚችው መተማ ላይ ለአገር ወደቁ፤ ከተማችንም በስማቸው ተጠራች። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሰሊጥ ዋጋ እንወድቃለን፤ በስማችን የሚጠራው ግን የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ብቻ ነው።

የሰብል ፈረቃን ከልማት ሠራተኛዋ በፊት የሚያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በሰፈራ ከደጋ ከመጡት አንዱ የሆኑ፣ ጋሼ የምንላቸው የዳባት ሰው ናቸው። እሳቸው አገር ባቄላ የበቀለበት ማሳ ላይ ቀጥሎ ገብስ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ ማንም ስብሰባ ሳይጠራቸው አባት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው። ጋሼ ታዲያ መተማ በገቡ በሁለተኛው ዓመት በመሐረብ ቋጥረው ያመጡትን የባቄላ ዘር ጓሯቸው ዘሩ። ስንሥቅባቸው «ቆይ ብቻ፤ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ በባቄላ የምትጠራ አገር ናት፤ መተማ ኢትዮጵያ አይደለችም?» አሉን። ባቄላው በቀለ። አደገ። ያ መሀሉ ላይ የኩል ነጥብ ያለበት ነጭ አበባው ሲፈነዳ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሙሽራ ሊያየው ወጣ። እኔም ጠላ ይዤ ሄጃለሁ። በሳምንቱ አበባው አንድም ሳይቀር መሬት ላይ ተነጠፈ። ባቄላ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለውን ብርድ የለመደ የደጋ ልጅ ነው፤ የኛን ሜዳ ግሎ ሲያገኘው አበባውን ጥሎ እጁን ሰጠ። ጋሼ ያንን ሁሉ ሙቀት ቆመው ካዩት በኋላ በመሐረባቸው ግንባራቸውን እየጠረጉ «እኔስ የማልበው ላብ አለኝ፤ እሱ ምን አለው?» ብለው ገቡ።

እንግዲህ በደጋ ባቄላ የሚሠራውን ሥራ በቆላ የሚሠሩት አኩሪ አተርና ማሾ ናቸው። ጥራጥሬ የተባለ ሁሉ አንድ ተሰጥኦ አለው፤ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው፤ እሱን ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተሻርኮ ወደ ማዳበሪያ ይለውጠዋል። ባለሱቅ የሚሸጥልን ዩሪያ ውስጥ ያለውም ያው ናይትሮጂን ነው። ከዚያ ደግሞ አንዳንድ የአኩሪ አተር ዝርያ ለአቀንጭራ የሚሠራላት ተንኮል አለ። ሥሩ አፈር ውስጥ ሲገባ የአቀንጭራዋ ዘር ማሽላ መጣ ብላ ከእንቅልፏ ትነቃለች፤ ነቅታ ብትፈልግ የምትጠባው የለም፤ በዚያው ትሞታለች። የሠርግ ጥሪ ደርሷት ለብሳ አጊጣ ብትመጣ ድንኳኑ ባዶ እንደሆነባት ሴት ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት አኩሪ አተርን ወደድኩት። ተንኮሉ የሰው ነው።

ባለቤቴና ጓደኞቹ ግን መውደድ በሒሳብ ነው የሚሉ ናቸው። ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰብስበው በእንጨት አቧራው ላይ ይጽፋሉ። ሰሊጡን ካዩት የዋጋ ዓመት ሁሉ በሚበልጠው ዓመት ዋጋ አባዙት። አኩሪ አተሩን ከሰሙት ዋጋ ሁሉ በሚያንሰው አባዙት። እውነት ነው፣ የአኩሪ አተር ኪሎ የሰሊጡን ግማሽ እምብዛም አይደርስም። ግን ሰሊጥ ከሄክታር አምስት ስድስት ኩንታል ሲሰጥ ሠርግ የሚታሰብበት ሰብል ነው፤ አኩሪ አተር በደንብ ከተያዘ 15 ኩንታልም ከዚያም በላይ ይሰጣል። «የሰሊጡን የአረም፣ የአጨዳ፣ የቀን ሠራተኛ ስንቅስ አልቀነሳችሁም?» ብላቸው «አንች ደግሞ፣ እሱ ሌላ ሒሳብ ነው» አሉኝ። ዋጋው ምርት ገበያ ላይ ስንት ይሆን ይሆን ሲባባሉ፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁትን ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች አንደኛው አነሳ። ወዲያው ያልዘሩትን አኩሪ አተር ጭነው ቡሬ አደረሱት፤ በትራንስፖርቱ ዋጋም ተጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። በመጨረሻ ከጋላባት በኩል የመጣ ንፋስ አቧራውን ጠርጎ ሒሳቡን አጠፋው። ከዋሉበት ሒሳብ ሁሉ የተስተካከለው እሱ ብቻ ነበር።

በሌላው ስሥቅ የኔን መደበቅ አልችልም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እጅ ካወጡት መካከል ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ለሩብ ሄክታር አኩሪ አተር አሰናዳሁ። ከዘሩ ጋር አንዲት 125 ግራም የምትመዝን ጥቁር ዱቄት የያዘች ጥቅል ሰጡኝ። «ባክቴሪያ ነው እትየ። ይህ ሰብል ለአፈራችን እንግዳ ስለሆነ የራሱን ባክቴሪያ አብረን እናስገባለታለን። በስኳር ውኃ ዘሩን እያራሱ ይለውሱበት፣ ጥላ ሥር ይሁን፣ ፀሐይ ሳያገኘው ወዲያው ይዝሩት» አለችኝ ልማት ሠራተኛዋ። አማቴ ሰምተው ኖሮ ቤት ስገባ ጠበቁኝ። «እስከ ዛሬ ባክቴሪያ ልናጠፋ ነበር ሳሙና የምንገዛ፤ አሁን ደግሞ ባክቴሪያውን ገዝተሽ መጣሽ?» አሉኝ።

ጠዋት በሌሊት ተነሣሁ። ስኳር በምን ይሟሟል? በሙቅ ውኃ። ሠላሳ ዓመት ሻይ ያፈላሁ ሴት ነኝ፣ ይህን ማንም አያስተምረኝም። ውኃውን አፈላሁ፣ ስኳሩን በደንብ አማሰልኩ፣ ሳይበርድብኝ ዘሩ ላይ አፈሰስኩ፣ ዱቄቱን ነሰነስኩና አሸሁ። ሽታው ሁሉ ሻይ ሻይ ይል ነበር። በአርባ ምናምን ቀኑ ልማት ሠራተኛዋ መጣች። የኔ አኩሪ አተር ገርጥቶ፣ ወባ ይዞት የተነሣ ሰው መስሏል። ከጎኔ ያለው የጎረቤቴ ማሳ ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከሱ አንድ ግንድ ከነአፈሩ በአካፋ አወጣችና ሥሩን በውኃ አጠበችው። ሥሩ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ ጉብጉብ ያሉ ነገሮች ተሰክተዋል። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ ያለ ነው። «ይህ ቀለም ሥራ ላይ ነን ማለታቸው ነው» አለች። ከኔ ማሳ ነቀለች፤ ሥሩ እንደ ሕፃን ጣት ልስልስ ነው፣ ምንም የለበትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ የኔ ችግር ሁለቱም ጋ ነበር። «እትየ፣ ምን አድርገዋቸው ነው?» ስትለኝ ወደ ሰማይ እያየሁ «እንጃ፣ ዝናቡ ይሆናላ» አልኳት። ቀቅዬ እንደፈጀኋቸው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

የጎረቤቴ ማሳ ያማረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መንገድ ዳር ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ስትመጡ መንገዱ ዳር ዳር ያለውን ካያችሁ ቆላው ሁሉ ተፈራርቋል ብላችሁ ትምላላችሁ። በመስመር የተዘራ አኩሪ አተር፣ አረም የማያውቀው ማሾ፣ ከነሰሌዳው ተሰልፎ ቆሟል። ከመኪና ወርዳችሁ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ብትገቡ ግን ሰሊጥ ነው፤ እስከ ሱዳን ድረስ ሰሊጥ። አንድ ጊዜ ለመስክ ጉብኝት እንግዶች መጡ፤ ጃንጥላ ተዘረጋ፣ ውኃ ታደለ፣ ፎቶ ተነሣ። አንድ አስቸጋሪ እንግዳ «እስኪ ወደ ውስጥ እንዝለቅ» አለ። ጎረቤቴ ሳይደናገጥ እጁን ዘረጋና «ጌታዬ፣ ከዚህ በኋላ እባብ አለ» አለው። እንግዳው ተመለሰ። ጎረቤቴ ውሸታም አይደለም፤ ሰሊጥ ውስጥ እባብ መቼ ይጠፋል።

ከዚያ ደግሞ የመብሉ ጉዳይ መጣ። ሰሊጥ ይሸጣል እንጂ በኩንታል አይበላም። ጥራጥሬ ግን እጃችን ላይ ገብቶ ሳይበላ አያድርም። ለዘር የተቀመጠው ማሾ ንፍሮ ሆነ፣ ለዘር የተቀመጠው አኩሪ አተር ቆሎ ሆነ። አኩሪ አተር በደንብ ካልበሰለ ሆድ እንደሚያስቸግር ነግረውናል፤ እኛ ግን እንደ ክክ ብድግ አድርገን ወጥ ሠራነው። የዚያን ቀን የቡና ማኅበራችን ላይ የነበርን ሰዎች ምን እንዳገኘን እኛው እናውቃለን። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁላችንም በር በሩን አየን። ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ የሚለው ተረት የተተረተው አኩሪ አተር ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት። አሁን ለእንጀራው ከጤፍ ጋር፣ ለጾሙ ደግሞ ወተት እያደረግን በደንብ አብስለን መጠቀሙን ተምረናል። የተማርነው ግን በንጹህ አየር ላይ አይደለም።

ማሾውስ? ማሾ በሁለት ወር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሚደርስ፣ አብዛኛው ወደ እስያ የሚላክ ሰብል ነው። አንዲት ባልንጀራዬ አንድ ዓመት ጥሩ ዋጋ አገኘችበት። ቡና ላይ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ማሾ ነው ያወጣኝ» አለችኝ። እኔም ለማንም አልነገርኩም፤ ለእህቴ ብቻ ነው የነገርኩ፣ ለማንም እንዳትነግር አስጠንቅቄ። እህቴም ሰው አስጠንቅቃ የምትናገር ሴት ናት። በሰኔው ሁላችንም ተደብቀን ማሾ ዘራን። በመሸት ሰዓት በር ዘግተን ነው ዘሩን ያሰናዳነው። መስከረም ላይ ጆንያችንን ይዘን ገበያ ስንወጣ ምስጢሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ተራ ይጠብቃል። ነጋዴው ከሰልፉ ራስ እስከ ጭራው አየና ፈገግ አለ፤ የዋጋው ነገር ከዚያች ፈገግታ ወዲያ አልተነሣም። ልማት ሠራተኛዋ ፈረቃ ነበር ያለችን፤ እኛ የያዝነው ሰልፍ ነው። የዚያን ዓመት ሁላችንም «ጥራጥሬ አክሳሪ ነው» ብለን ወደ ሰሊጥ ተመለስን። ምስጢር አውጪዎቹ እኛ፣ ከሳሾቹ እኛ፣ የተፈረደበት ማሾ።

አሁን የምነግራችሁ ግን የአምናውን ነው። ያ መንገድ ዳር ያለው ጎረቤቴ አኩሪ አተር በነበረበት ማሳ ላይ ሰሊጥ ዘራ። ሰሊጡ ከወገብ አለፈ፤ ግንዱ ከታች እስከ ላይ ቆባ በቆባ ሆነ፤ ሲያጭዱት ሂላው እንደ ጎጆ ተደርድሮ ማሳውን ሠፈር አስመሰለው። ሰፈሩ ሁሉ ምክንያት ፈለገ። አንዱ «ዘሩ ነው፤ ከሁመራ ያስመጣው ምርጥ ዘር ነው» አለ። ሌላው «ቀድሞ ዝናብ ያገኘ እሱ ነው» አለ። አማቴ «ስለት አለበት፤ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስሏል» አሉ። ሚስቱ ራሷ «ዓይን ይሆናል ብዬ ማሳው መሀል የበሬ ቀንድ አስተክዬ ነው» አለችን። አኩሪ አተርን ስሙን የጠራው አንድም ሰው የለም። አኩሪ አተር ሠርቶ የማይመሰገን፣ የቤት ልጅ ሆነብን።

ቡና ላይ ጎረቤቴን በቀጥታ ጠየቅሁት። «ያ አኩሪ አተር የዘራህበት ነው አይደል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱስ እውነትሽን ነው፤ መሬቱ በደንብ አርፏል» አለ። ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው ገባው ብዬ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «እንዲህ ካረፈማ አሁን አምስት ዓመት ሰሊጥ በላይ በላዩ ይችላል!»

ይህን ሰምቼ እየሣቅሁ ወደ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ አልሣቀም። ዝም ብሎ ቆየና «ያ ከጎኑ ያለውስ? ዘንድሮ አኩሪ አተር ያለበት ሁለተኛው ማሳው?» አለኝ። «ምን ሆነ?» «ከርሞ የሚያርፍ መሬት ነዋ። ሰው ሳይቀድመን በኮንትራት ብንይዘው ሰሊጥ ይሆናል።» እውነቴን ልንገራችሁ፤ መገሠጽ የነበረብኝ ሴት ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት። የራሳችንን መሬት አንዲት ክረምት በወጉ ለማሳረፍ ሦስት ዓመት ስናመነታ ቆይተን፣ ሌላ ሰው ያሳረፈውን ለመያዝ በጨለማ ተነሣን። ጎረቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ሦስት ሰዎች ግንብ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው እጃቸውን ያወጡ ናቸው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፉል ቤት ስገባ ሳህኑን ትንሽ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ባቄላው ከታች፣ ሰሊጡ ከላይ፣ ሳይጣሉ። እናንተም የሣቃችሁብን፣ ደጋ ሁናችሁ ስንዴ በስንዴ ላይ የምትደራርቡ፣ ቆላ ሁናችሁ ማሽላ በማሽላ ላይ የምትደራርቡ፣ መሬት ይረፍ ሲባል እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የማን መሬት እንደሆነ በሆዳችሁ ጠይቁ። እኔ መልሴን አግኝቻለሁ። ዘንድሮ ከአራት ሄክታራችን አንዷን አኩሪ አተር ዘርተንባታል፤ ስኳሩንም በቀዝቃዛ ውኃ ነው ያሟሟሁት። ማሳዋ ከመንገድ አትታይም።